ቅንፍ ውስጥ ያለችው ውሃ

የኬሚስትሪ ጥያቄ ሲበዛ ፈተና መቃረቡ ይገባኛል። ሰሞኑን ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚዞሩት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ የውሃ ሙሙት። ክፍል ውስጥ «አኩየስ ሶሉሽን» የምትሉት ማለቴ ነው። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ዛሬ እሱን ብቻ ይዣለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል። ዕድሜዬን ከቢከርና ከፒፔት ጋር የፈጀሁ የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ በጠረጴዛው በኩል ባየው አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በእኩልታ ላይ ከፎርሙላው ጎን በቅንፍ «ኤስ»፣ «ኤል»፣ «ጂ» እና «ኤኪው» ይጻፋል። ኤስ ጠጣር፣ ኤል ፈሳሽ፣ ጂ ጋዝ መሆኑ ገብቶኛል። ኤኪው ግን «ውሃ ውስጥ የሟሟ» ነው አሉን። ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ያው ፈሳሽ አይደለም እንዴ? ለምን ኤል ተብሎ አይታለፍም? (የ10ኛ ክፍል ተማሪዋ)

መልስ፦ ጎበዝ! አብዛኛው ተማሪ ይህቺን ምልክት ሸምድዶ ያልፋታል እንጂ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። የገበታ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ከጎኑ ኤል ከተጻፈበት ጨው ራሱ ቀልጧል ማለት ነው። ጨው የሚቀልጠው ደግሞ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ኤኪው ከተጻፈበት ግን ጨው አልቀለጠም፤ ሟሟ። ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነው። እሳት የሚባል ነገር አልነካውም። ሥራውን የሠራው ውሃው ነው።

እንዴት ሠራው? የውሃ ሞለኪውል ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጎበጥ ያለ ነው። በሁለቱ ሃይድሮጅኖች መካከል ያለው ማዕዘን 104.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹን ኦክስጅኑ ወደ ራሱ ስለሚስብ በእሱ በኩል ትንሽ ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ነው። አሁን የጨው ክሪስታል ውሃ ውስጥ ጣይ። ጠርዝና ጥግ ላይ ያሉት አዮኖች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ቻርጅ የያዙት ቅንጣቶች) ከመሃሎቹ ያነሰ ጎረቤት ስላላቸው በቀላሉ ይላቀቃሉ። ውሃው ወደ ሶዲየም አዮኑ በኦክስጅኑ፣ ወደ ክሎራይዱ በሃይድሮጅኑ በኩል ዞሮ ይጠጋል። ከዚያ ንቦች አውራቸውን እንደሚከብቡት ይከብቡትና ይዘውት ይሄዳሉ። አንዴ ከተለያዩ በኋላ ሶዲየሙና ክሎራይዱ ተመልሰው እንዳይያያዙ መሃላቸው የገባው ውሃ መሳሳባቸውን ያዳክመዋል፤ ባዶ ቦታ ላይ ከሚኖራቸው መሳሳብ ወደ 80 እጥፍ ገደማ ያነሰ ያደርገዋል።

እንግዲህ ኤኪው የምትለው ይህን ሁሉ ነው። «እዚህ ያለው አዮን ብቻውን አይደለም፤ ውሃ ከቦታል» ነው የምትልሽ። ኤል ብለሽ ብትጽፊ ውሃውን ከታሪኩ አወጣሽው ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ በዓይን አይታይም፤ እመኑኝ ነው» እንዳትይ፣ የሚታይ ነገር ልጥቀስልሽ። ውሃ የሌለው ኮፐር ሰልፌት ነጭ ዱቄት ነው። ጠብታ ውሃ ስትጨምሪበት ውሃው የነካው ቦታ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል፤ የሙከራ ቱቦውን በእጅሽ ከያዝሽው ሙቀት ይሰማሻል። ውሃ ስትደግሚበት ሁሉም ይሟሟና ጥርት ያለ ሰማያዊ ሙሙት ታገኛለሽ። ያ ቀለም የመዳቡ ብቻ አይደለም፤ የመዳቡ አዮንና የከበበው ውሃ የጋራ ነው። ወደ ኋላም መሄድ ይቻላል። ሰማያዊውን ክሪስታል በደረቅ ቱቦ በቀስታ ስታሞቂው እየነጣ ይሄዳል፤ ቀዝቀዝ ባለው የቱቦው አፍ ላይ ደግሞ የውሃ ጠብታ ይጠራቀማል። (ቱቦውን አፉን ትንሽ ዘቅዘቅ አድርገሽ ያዥው። ጠብታው ወደ ጋለው ጫፍ ተመልሶ ከወረደ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። መነጽር ማድረጉም አይረሳ።)

ጥያቄ፦ ልጄን የማስጠና አባት ነኝ። ስኳርም ጨውም ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ሁለቱም ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናሉ። መጽሐፏ ግን የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የስኳር ውሃ አያስተላልፍም ይላል። ሁለቱም ከሟሙ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ልዩነቱ ያለው ሲሟሙ ምን ሆነው ነው የሚለው ላይ ነው። የስኳር ሞለኪውል ከክሪስታሉ የሚላቀቀው ሙሉውን ሆኖ ነው። አይፈርስም፣ ቻርጅም የለውም። ውሃው ከብቦ ይይዘዋል እንጂ አይበትነውም። ጨው ግን መጀመሪያውኑም የተሠራው ከፖዘቲቭና ከኔጌቲቭ አዮኖች ነው፤ ውሃው ያደረገው እነሱን መፍታት ነው። ኤሌክትሪክ ሙሙት ውስጥ የሚሄደው ቻርጅ የተሸከመ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀስ ነው። የስኳር ውሃ ውስጥ ተሸካሚ የለም።

መሃል ላይ የሚቀመጡም አሉ። አሴቲክ አሲድን፣ የኮምጣጤውን አሲድ፣ ውሰዱ። በ0.1 ሞላር ሙሙት ውስጥ (ሞላር በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ስንት ሞል እንዳለ የሚነግር የክምችት መለኪያ ነው) ከመቶው ሞለኪውል አንድ ገደማው ብቻ ነው ወደ አዮን የሚለወጠው፤ የቀረው እንዳለ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ደካማ ኤሌክትሮላይት የሚባለው (ኤሌክትሮላይት ሲሟሟ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ነው)። አምፖሉ ይበራል፣ ግን ፈዝዞ። ልጅዎ «ደካማ» የሚለውን «የቀጠነ» ከሚለው ጋር እንዳታምታታው ይጠብቁልኝ፤ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ደካማ አሲድ በጣም የተከማቸ ሊሆን ይችላል፤ ብርቱ አሲድም በጣም የቀጠነ።

ይህን ነገር ሳስብ ሁሌ የሚገርመኝ የስቫንቴ አሬኒየስ ዕጣ ነው። ስዊድናዊው አሬኒየስ በ1884 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ መርማሪዎቹ ዝቅተኛ ውጤት ነበር የሰጡት። ከዚያ ሥራ ያዳበረው ሐሳብ ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሪክ ሳይነካው ገና ወደ አዮንነት ይፈታል የሚል ነው። ከእሱ በፊት ጨውን የሚሰነጥቀው የኤሌክትሪኩ ጅረት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሰፊ ነበር። በ1903 ለዚሁ ንድፈ ሐሳብ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። መርማሪዎቹ ያን ዕለት ምን እንደተሰማቸው ባውቅ ደስ ባለኝ!

ከልጅዎ ጋር ቤት ውስጥ መሞከር ከፈለጉ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ኤልኢዲ አምፖል፣ አንድ ሬዚስተርና ሽቦ ይበቃል። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች እርስ በርስ ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ይግቡ። የግድግዳ ሶኬት ግን በምንም ተአምር አይሞከርም። ጨው ውሃው ውስጥ ጫፎቹ ላይ አረፋ ያያሉ፤ ከአንደኛው የክሎሪን ሽታ ሊመጣ ስለሚችል መስኮት ከፍተው ለአጭር ጊዜ ብቻ ይሁን። እንዲሁ ከቧንቧ የቀዱት ውሃም ትንሽ ካስተላለፈ አይደንግጡ፤ ንጹሕ የሚመስለው ውሃ ውስጥ የሟሙ ማዕድናት አሉ። በደንብ የተጣራ ውሃ የሚያስተላልፈው ከቁጥር የማይገባ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ናይትሬትና ሶዲየም ክሎራይድ ሲደባለቁ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል። ሁለቱም ግን ጥርት ያሉ ነበሩ። ነጩ ነገር የት ተደብቆ ነው? «ተመልካች አዮን» የሚባለውስ ለምን ከእኩልታው ይሰረዛል? ተሳትፎ የለውም እንዴ?

መልስ፦ የትም አልተደበቀም። በአንዱ ቢከር ውስጥ የብር አዮኖች ውሃ ከብቧቸው ይንሳፈፋሉ፣ በሌላው የክሎራይድ አዮኖች። እስኪገናኙ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ሲገናኙ ግን ብርና ክሎራይድ እርስ በርስ የሚያዛቸው ኃይል ውሃው ለየብቻ ሊይዛቸው ከሚችለው ይበልጣል። ውሃውን ትተው እርስ በርስ ይያያዛሉ። ኤኪው የነበረው ኤስ ሆነ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቁጥሩን ስታዩት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በክፍል ሙቀት 1 ሊትር ውሃ ወደ 360 ግራም የገበታ ጨው ያሟሟል። ሲልቨር ክሎራይድን ግን 2 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚያሟሟው። መጽሐፉ «አይሟሟም» ሲል ይህን ማለቱ እንጂ ፍጹም ዜሮ ነው ማለቱ አይደለም።

ተመልካች የሚባሉት ሶዲየምና ናይትሬት ደግሞ ሲገቡም ኤኪው፣ ሲወጡም ኤኪው ናቸው። ያልተለወጠን ነገር በቀስቱ ግራና ቀኝ ደጋግሞ መጻፍ ውሃ መውቀጥ ነው። ስለዚህ ይሰረዙና የብር አዮን ከክሎራይድ አዮን ጋር ሲልቨር ክሎራይድ ሰጠ የሚለው ይቀራል። ጥቅሙ ሰፊ ነው። ክሎራይዱ ከሶዲየም ይምጣ፣ ከፖታሲየም ይምጣ፣ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይምጣ፣ ለውጡ አንድ ነው። አንዷን አጭር እኩልታ ካወቃችሁ ብዙ ረዣዥም እኩልታዎችን አወቃችሁ። ግን ተሰረዙ ማለት ከቢከሩ ጠፉ ማለት አይደለም። ዝቃጩን በማጣሪያ ወረቀት ለይታችሁ የቀረውን ፈሳሽ ብታተንኑት ሶዲየም ናይትሬት ነጭ ክሪስታል ሆኖ ይቀራችኋል።

ላብራቶሪ ውስጥ ይህን ስትሠሩ የማይጻፉ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ለክሎራይድ ምርመራ ከሆነ መጀመሪያ የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ጨምሩ። ካርቦኔት ካለ እሱም ከብር ጋር ዝቃጭ ስለሚሠራ ያሳስታችኋል፤ አሲዱ ቀድሞ ያጠፋዋል። ለዚሁ ሥራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚጨምር ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ክሎራይድ እየፈለገ ክሎራይድ ይጨምራል! ደግሞ ዝቃጩን መስኮት አጠገብ አትተዉት፤ ብርሃን ሲያየው እየጠቆረ ወደ ግራጫ ወይንጠጅ ይሄዳል። ሲልቨር ናይትሬቱ ራሱ ጣታችሁን ከነካ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ የትኛውም ሳሙና አያስለቅቀውም፣ ቆዳው ራሱ እስኪታደስ ትጠብቃላችሁ። ጓንት አድርጉ።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩት በቅርብ ነው። 1 ሞላር የሶዲየም ክሎራይድ ሙሙት አዘጋጅ ተባልኩ። 58.44 ግራም ጨው መዝኜ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨመርኩ። ኃላፊዬ ግን «ይሄ 1 ሞላር አይደለም» አለችኝ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ሚዛንህ ልክ ነው፣ 58.44 ግራም አንድ ሞል ነው፤ የውሃው ልክ ነው የተበላሸው። ሞላሪቲ የሚቆጠረው በሙሙቱ ሊትር ነው እንጂ በጨመርከው ውሃ ሊትር አይደለም። ጨው ገብቶ ሲሟሟ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ያንተ ሙሙት 1 ሊትር ሳይሆን 1 ሊትር ከ18 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሆነው። ስለዚህ ክምችቱ ወደ 0.98 ሞላር ወረደ። «ለ2 በመቶ ነው ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ?» ልትል ትችላለህ። በስኳር ብትሠራው ታየዋለህ። 342.3 ግራም (አንድ ሞል) ስኳር 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምር፤ መጠኑ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ነው የሚጨምረው።

እንዲህ አድርግ። ጨውህን ቢከር ውስጥ ወደ 700 ሚሊ ሊትር በሚሆን የተጣራ ውሃ አሟሟው። ወደ 1 ሊትሩ ቮሉሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ላይ የልክ መስመር ያለበት ጠርሙስ) በፈነል ገልብጠው። ቢከሩን፣ ማማሰያውንና ፈነሉን በትንሽ በትንሹ ውሃ ደጋግመህ እጠብና እጣቢውንም እዚያው ጨምር፤ ጨውህ ግድግዳ ላይ ቀርቶ ከሆነ የመዘንከው ምን ዋጋ አለው? ከዚያ መስመሩ ልትደርስ ጣት ሲቀርህ አቁም። የቀረውን በጠብታ ማንጠባጠቢያ። ዓይንህ ከመስመሩ እኩል ይሁን፤ የፈሳሹ ጎድጓዳ ገጽ ታችኛው ክፍል መስመሩን ሲነካ አበቃ። ክዳኑን ግጠምና ፍላስኩን ደጋግመህ ገልብጠው። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ሳትገለብጠው ከላይ የምትቀዳው ቀጭን፣ ከታች የምትቀዳው ወፍራም ይሆናል።

መስመሩን ካለፍክ ደግሞ ትርፉን መጥጠህ ለማውጣት አትሞክር። የምታወጣው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ጭምር ነው። ደፍተህ እንደገና ጀምር። ያናድዳል፣ አውቃለሁ።

አንድ ልጨምርልህ። ነገ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አዘጋጅ ብትባል ሲሟሟ በጣም ይግላል። በትኩሱ መስመሩ ላይ ብታደርሰው ሲቀዘቅዝ ከመስመሩ ወርዶ ታገኘዋለህ። ፍላስኩ ላይ «20 ዲግሪ» ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። መጀመሪያ ይብረድ።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፎርሙላቸው አንድ ነው። ታዲያ ለምን ሁለት ስም?

መልስ፦ አንዱ ጂ፣ ሌላው ኤኪው ስለሆነ። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ነው፤ ሃይድሮጅኑና ክሎሪኑ እንደተያያዙ ናቸው። ፍጹም ደረቅ ጋዝ ደረቅ ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት (አሲድ ሲነካው የሚቀላውን) ቢነካ ቀለሙን አይለውጠውም። ወረቀቱን ውሃ አስነኩት፣ ወዲያው ይቀላል። ውሃው ሃይድሮጅኑን ነጥቆ ወስዶ ሃይድሮኒየም አዮን ስለሚሠራ ነው። ያው ጋዝ ቶሉዊን በሚባል ውሃ ያልሆነ ፈሳሽ ውስጥ ቢሟሟ ሙሙት ይሆናል፣ ግን የውሃ ሙሙት አይደለም፤ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። ጠርሙስ ላይ «37 በመቶ» ተብሎ የምታዩት የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከመቶ ግራሙ 37ቱ ጋዙ፣ የቀረው ውሃ ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚጨሰው ጋዙ እየወጣ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው።

ጥያቄ፦ አሲድ ወደ ውሃ ነው ወይስ ውሃ ወደ አሲድ?

መልስ፦ አሲድ ወደ ውሃ፤ በቀስታ፣ እያማሰሉ። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ በ1 ሚሊ ሊትር 1.84 ግራም ይመዝናል፣ ከውሃ በጣም ይከብዳል። ውሃውን ከላይ ብታፈሱት ላዩ ላይ ይቀርና በሚፈጠረው ሙቀት እዚያው ፈልቶ አሲዱን ይዞ ይረጫል። ወደ ፊታችሁ።

ጥያቄ፦ ስፖርተኞች ሲጎዱ የሚያደርጉት ቀዝቃዛ ከረጢት ሲጨመቅ በራሱ ይቀዘቅዛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳይገባ እንዴት?

መልስ፦ ውስጡ አንድ የውሃ ከረጢትና ደረቅ ጨው አለ፤ ብዙ ጊዜ አሞኒየም ናይትሬት። ሲጨመቅ የውሃው ከረጢት ይፈነዳና የውሃ ሙሙት ይሠራል። መሟሟት ሁለት ሒሳብ አለው። ክሪስታሉን ለመፍታት ኃይል ይወጣል፤ ውሃው አዮኖቹን ሲከብብ ደግሞ ኃይል ይገኛል። አሞኒየም ናይትሬት ላይ የሚወጣው ከሚገኘው ይበልጣል። ጉድለቱ የሚሸፈነው ከውሃው ሙቀት፣ ከዚያም ከተጎዳው ቁርጭምጭሚት ነው። ካልሲየም ክሎራይድ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ብርጭቆው ይሞቃል። የገበታ ጨው ላይ ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ትንሽ ነው የሚቀራቸው፤ ስለዚህ በእጃችሁ ምንም አይሰማችሁም።

ጥያቄ፦ ውሃ ያለበት ፈሳሽ ሁሉ የውሃ ሙሙት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድፍርስ ውሃ አስቀምጡት፣ ጭቃው ይዘቅጣል። ወተት አይዘቅጥም፣ ግን ጥቂት ጠብታ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ በጨለማ የእጅ ባትሪ ብታበሩበት የብርሃኑ መንገድ ይታያል፤ ጨው ውሃ ውስጥ አይታይም። ሙሙት ውስጥ ያሉት ብርሃን ለመበተን በጣም ትንንሽ ናቸው።

ጥያቄ፦ ውሃው ሲሞቅ ሁሉም ነገር ይበልጥ ይሟሟል፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ግማሽ ልክ። ፖታሲየም ናይትሬት ዜሮ ዲግሪ ላይ በ100 ግራም ውሃ 13 ግራም ገደማ ይሟሟል፤ 100 ዲግሪ ላይ ከ240 ግራም ያልፋል። የገበታ ጨው ግን ከ36 ወደ 39 ገደማ ቢወጣ ነው። ጋዞች ጭራሽ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከአየር ጋር የተነካካ ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ 25 ዲግሪ ላይ 8.3 ገደማ ብቻ ይይዛል፤ በሙቀት ጊዜ የገንዳ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱት ለዚህ ነው። ከጠጣሮችም ቢሆን እንደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለው ሲሞቅ የሚሟሟው ይቀንሳል። ጥርት ያለ፣ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የጠገበ ሙሙት ብታሞቁት ሳይተን ገና መደፍረስ ይጀምራል።